የቆነጠጥኩት ጆሮ

ሦስት ጊዜ ተጣራሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣
አንዱን የእጅ ጓንቷን ከሶፋ ሥር ፈልጌ፤
ኤልዳና ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች፣
ውርጭ ባለበሰው መስኮት ዓሣ ትሥላለች።
«ልጅቷ! ሰማሽ ወይ?» ዘወርም አላለች።
ዊኒፔግ በጥር ነው፤ ሞተሩ ያጓራል፤
የጠዋት ፈረቃዬ ሊያመልጠኝ ደርሷል።
ንዴት ለካ እጅ አለው፤
ያንን ትንሽ ጆሮ በእኔ ጣት ቆነጠጠው።

አለቀሰች። ልቅሶዋ ጥርት ብሎ ተሰማኝ፤
የእኔ ጆሮ ጤነኛ፣ አንድም ቀን ያላመመኝ።

መጀመሪያ የነቃችው ኮሪን ናት፣ የመዋያዋ ሞግዚት፤
«ተረት ሳነብላቸው፣ ሌሎቹ መጽሐፉን ሲያዩ በአንድነት፣
የእርሷ ዓይን ከንፈሬ ላይ ነው። ብትመረመርስ ምናለበት?»

እኛ ቤት ግን እስከዚያ የስም ድርቅ አልነበረም፤
ግትር፣ ልበ ደንዳና፣ ጆሮ ዳባ ልበስ፣ የቀረ የለም።
ፀዳለ «ያንተ ዘር ነው» ስትል፣ እኔ «የአጎትሽ» ስላት፣
ልጅቱ ቴሌቪዥኑ ላይ ጉንጯን ለጥፋ አየናት፤
አየንና አለፍናት።

ማሽኑ ወረቀት ላይ መሥመር ሲያወጣ፣
ኮረብታ መሆን የነበረበት ሜዳ ሆኖ መጣ፤
እንደ ማኒቶባ ሜዳ፣ በረዶ የዋጠው፣ ዛፍ ያጣ።
«ከታምቡሩ ጀርባ» አለች ዶክተር ፍሪዘን፣ «ውሃ ቆሟል፤
ከመስከረም ወዲህ ይመስለኛል፤ እንደ ሙጫ ወፍሯል።
ቃላችሁ አይጠፋም፤ ግን ከኩሬ ሥር ሆና እንደምትሰማው ነው።»
እኔ የታየኝ ከበሮ ነው፣ ዝናብ የመታው፣
ቆዳው የላላ፣ መቺውን የማይመልሰው።

«መንገዱ አንድ አይደለም።» ወንበሯን ወደኛ ሳበች።
«ሌላ ሦስት ወር መጠበቅ ይቻላል፤ አንዳንዴ ራሱ ይደርቃል» አለች፤
«ወይ ሆስፒታል፣ በጋዝ እንቅልፍ፣ ታምቡሩን በስተን፣ ውሃውን መጥጠን፣
ከሩዝ ፍሬ ያነሰች ቱቦ እናኖራለን፤
ሻያችሁን ሳትጨርሱ ልጃችሁን እንመልሳለን።
ካስፈለገ ከአፍንጫዋ ጀርባ ያለውን እጢ አብረን እናወጣለን።
ደግሞም ሳያስተኙ የሚሠሩ አሉ፤ ጆሮዋ በመድኃኒት ደንዝዞ፣
ወላጅ አቅፎ፣ ራሷን እንዳትነቃነቅ ይዞ።»

ፀዳለ መኪና ውስጥ፣ ቀበቶዋን ሳታስር፣
«እንቅልፉን ነው የምፈራው» አለች፣ «ሳትነቃ ብትቀር?
ሳትተኛ ይሁን። አንተ ትይዛታለህ። አንተ ትጠነክራለህ።»
እጄን አየሁት፣ መሪው ላይ፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት።
ለእርሷ አልነገርኳትም ነበር፣ ስለዚያ ጠዋት።
«እኔ አልይዛትም» አልኩ።
                    ነገርኳት።

ፖርቴጅ ጎዳናን እስክንጨርስ አንድ ቃል አልወጣትም።
የትራፊክ መብራት ሲይዘን፣ ፊቷንም ሳታዞርልኝ፣ «ትተኛ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤
የልጄስ ለእኔ ነበር ባዳ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ
ተሸክሜው ስዞር፣ ትከሻዬ ላይ እየተኛ።
ሻዬ እንዳለ ቀረ። መለሷት። ነቃች፤ ተነጫነጨች፤ ደግሞ ተኛች።

ማምሻውን፣ ከመኪናው ወርዳ በረዶውን ስትረግጥ፣ ቆመች።
አንድ እርምጃ። ቆመች። አንድ እርምጃ። «ይሄ ምንድነው?» አለች።
«በረዶ ነው!» አልኳት፣ እንደለመድኩት ጮክ ብዬ፤
ሁለት ጆሮዋን በጓንቷ ይዛ፣ «አትጩህ አባዬ።»

ቱቦዎቹ በዓመት፣ በዓመት ተኩል፣ በራሳቸው ይወድቃሉ አሉን፤
ትራሷ ላይ እናገኛቸው ይሆናል፤ ወይም ሳናይ ያመልጡን።

አሁን ስጠራት አንዴ ነው፤ በለሆሳስ።
አንዳንዴ እየሰማችኝ ዝም ትላለች፣ የዓሣዋን ጅራት እስክትጨርስ።
ይሄኛው እንቢታ የራሷ ነው። ጓንቱን ይዤ እቆማለሁ፣
ሰዓቴን አያለሁ፣
እጠብቃለሁ።